ለአንድ ቀን ያዋስኳት ልጅ

አሜሪካን መጀመሪያ ያየኋት በልጆች ሱሪ መቀመጫ ላይ ነው። ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ሥዕል፣ ከሥሩ ሰማያዊ የፈረንጅ ጽሕፈት። የእርዳታው ዱቄት ሲያልቅ እናቶች ጆንያውን አጥበው ያመጡልኛል፤ እኔ ደግሞ በሟች ባለቤቴ የስፌት መኪና ሱሪ አደርግላቸዋለሁ። ሥዕሉን ለመደበቅ ያልሞከርኩት የለም። ጨርቁ አይበቃም፤ በየትም ብቆርጠው መጨባበጡ ዞሮ ዞሮ ከኋላ ይመጣል። አንድ የተማረ ሽማግሌ ጽሕፈቱን አነበበልኝና «ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ይላል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጎንበስ ባሉ ቁጥር የአሜሪካ ሕዝብ ሰላም የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህ የሆነው በሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ ሐርቲሼክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ነው፤ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ፣ ሜዳ ላይ። አሁን ያንን ሁሉ የማነሣው ዱቄቱ ናፍቆኝ አይደለም። የልጅ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ወይ አሜሪካ ወዳለችው እናቷ ትሄዳለች፣ ወይ እዚህ መታወቂያ አውጥታ እንደ ሰው ትኖራለች፤ ሁለቱም በአንድ ላይ አይሆንም ተብለናል። ይህን ያህል ያጣበብኩባት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሐርቲሼክ ላይ ለጎረቤቴ በዋልኩላት የአንድ ቀን ውለታ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሽንሌ እያለን፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ግራር ሥር እንቀመጣለን፤ ገና ጢሙ ያላበቀለው አስተማሪያችን «ሀ ሁ» ሲያስብለን ባቡሩ ይመጣና ሁላችንንም ያፈዝዘናል። ባቡሩ ሲያልፍ ከየት እንዳቆምን አናውቅም፤ እንደገና ከ«ሀ» እንጀምራለን። ስለዚህ የፊተኞቹን ፊደላት ከኋለኞቹ አብልጬ አውቃለሁ። የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ከመንገድ ከወጣሁ ታገሡኝ፤ ስደተኛ ሳልሆን፣ ሥራ ፍለጋ ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ተሸክሜ ከሽንሌ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ሐርቲሼክ፣ ከዚያ ቶጎ ውጫሌ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጎረቤቴ ከሶማሊያ፣ ከሐርጌሳ በእግሯ የመጣች ሴት ነበረች። ድንኳኗ ከእኔ መጠለያ ጋር ገመድ ይጋራል። አንድ ቀን ሱሪ እየሰፋሁ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ልጅሽን አውሺኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«ለነገ ብቻ። ነገ ቆጠራ ነው። ካርዱ ሰባት ሰው ይላል፤ እኛ ስድስት ነን።»

የራሽን ካርድ ማለቷ ነው። በቆጠራ ቀን በካርዱ ላይ ያለ ሁሉ በአካል ይቆማል፤ የጎደለ ይሰረዛል፤ ዱቄቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰባተኛዋ ሴት ልጇ እንደነበረች አውቃለሁ። ከተመዘገቡ በኋላ ታማ፣ በሁለተኛው ወር ነው የቀበረቻት። ለመዝጋቢዎቹ አልነገረችም።

«ለዱቄቱ ነው?» አልኳት።

«ለዱቄቱም ነው» አለች። «ስሟን በእስክሪፕቶ ሲሰርዙት ቆሜ ማየት አልችልም» አለችኝ።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሶማልኛውን ከኔ ይልቅ ታቀላጥፈዋለች። እስኪ ማን ነው በዚህ እንቢ የሚለው? ሰው ምጣድ ይዋሳል፣ ወንፊት ይዋሳል።

«መቼ ትመልሻታለሽ?» አልኳት።

«ከሰዓት በኋላ!» አለችኝ እየሳቀች።

እውነትም ከሰዓት በኋላ መለሰቻት። ልጄ ጣቷን ቀለም ተነክራ፣ በጣሳ ዘይት ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ዛሬ ስሜ ሌላ ነበር» አለችኝ። ዘይቱን አስቀመጥኩና ጣቷን በሳሙና አሸሁት። ቀለሙ ሳምንት ቆየ።

ችግሩ ቆጠራ አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። በየጊዜው ይቆጥራሉ። አንዴ ያዋስሻትን ልጅ በሁለተኛው ቆጠራ ከልክለሽ፣ ጎረቤትሽን ውሸታም ልታስብይ ነው? ልጄ በአዘቦቱ ቀን የኔ፣ በቆጠራ ቀን የእሷ ሆና አደገች። ሰፈሩ ሲፈርስና ስደተኛው ወደ ቀብሪ በያህ ሲዛወር ካርዱም አብሮ ተዛወረ፤ ልጄም በካርዱ ላይ።

ዘጠና ስድስት ላይ ካርዱ ላይ ላሉት አሜሪካ ሄዶ የመኖር ዕድል ወጣላቸው። ሰባት ስም ተጠራ። አሜሪካ የወሰነችው እንግዲህ የዚያችን የቀበርናትን ልጅ መውሰድ ነው፤ በአካል የምትሄደው ግን የኔ ናት። በዚያን ጊዜ ልጄ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅም አለቻት። የልጅቱ አባት የቶጎ ውጫሌ ጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ወደ ቦሳሶ ወደብ ልሂድ እንዳለ ቀረ። ልጅቱ በካርዱ ላይ የለችም። ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ «ልጅም አለኝ» ማለት የሰባቱንም ፋይል ያስቆማል አሏት።

«አንድ ዓመት ብቻ፣ እማዬ» አለችኝ። «እደርስና እጠራታለሁ።»

እኛ ቤት ውሰት ሁልጊዜ ለአጭር ጊዜ ነው።

አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ጎረቤቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ልጅሽን እመልስልሻለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ከሰዓት በኋላ?» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተበላሸና ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ያቺ የአራት ዓመት ጉድ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ለአውቶቡሱ እጇን ታውለበልባለች፤ አውቶቡስ ስለምትወድ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሜሪካን የማውቃት በስልክ ነው። ልጄ ያለችው ሚኒሶታ ነው፤ ብርድ ከሌለበት አገር የሸሸ ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ እንጃ እዚያ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ሰሞን የምትነግረኝ ስለ ብርዱ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ አስተሳሰባቸው መጣች።

«እዚህ ሰው ሲያገኝሽ ‹እንዴት ነሽ› ይልሻል፤ ግን አይቆምም» አለችኝ አንዴ።

«መልሱን ማን ይሰማዋል?»

«ማንም። እየሄዱ ነው የሚጠይቁት።»

እኔ ይሄ አልገባኝም። እዚህ ጅጅጋ አንድ ሰው ካገኘሽ ስለ ጤናሽ፣ ስለ ልጆችሽ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቅሻል፤ ከብት የለኝም ብትይው እንኳ «ይሁን፣ ደህና ናቸው?» ይልሻል። ቀኑ ያልቃል እንጂ ሰላምታው አያልቅም። እነሱ ያንን የተረፈውን ጊዜ ምን ያደርጉበታል ብዬ ጠየቅኋት። «ይሠሩበታል» አለችኝ። ሠርተውስ? «ይደክማቸዋል።» ደክሟቸውስ? «ሰው ጋ ሄደው ያወራሉ፤ ለማዳመጥ የተማረ ሰው አለ፤ በቀጠሮ።» እሷም ሄዳ ነበር። ልጇን ትታ በመምጣቷ እንቅልፍ አጥታ ነው። እኔ ጋ ግን ስትደውል እንቅልፍ አጣሁ ብላኝ አታውቅም፤ የነገረችኝ ሰዎቹ እንዴት እንደመከሯት ነው።

«መጀመሪያ ራስሽን ውደጂ አሉኝ» አለችኝ።

«ሁለተኛስ ማንን?»

«እሱን አልነገሩኝም፣ እማዬ» አለች።

ዜግነት ለመውሰድ ፈተና አለ። ጥያቄዎቹን በስልክ ታጠናብኝ ነበር፤ እኔ ጠያቂ አይደለሁም፣ ዝም ብዬ መስሚያ ነኝ። ስንት ኮከብ፣ ስንት ዳኛ፣ የምክር ቤቱ ሰው ስንት ዓመት ይቀመጣል። አንድ ቀን መብቶቻቸውን ትቆጥር ጀመር። በሕይወት መኖር መብት ነው። ነፃነት መብት ነው። ደስታን መፈለግ መብት ነው።

«ቆይ» አልኳት። «ማግኘት ነው መፈለግ?»

«መፈለግ።»

«ማግኘቱ የለበትም?»

«አይ፣ እሱ አልተጻፈም።»

«እሱንማ እኛም እዚህ ያለ ወረቀት ነው የምንፈልገው» አልኳት። ሳቀችልኝ። ስልኩን ዘግቼ ግን ቆይቼ አሰብኩት። ብልጦች ናቸው። አገር ስትመሠርት እንዲህ ነው መጻፍ፤ ለሰው የማትችለውን ቃል አለመግባት። «አንድ ዓመት ብቻ» ከማለት ይሻላል።

ልጄ ፈተናውን አለፈች። እንግዲህ ልጇን መጥራት ትችላለች ተባለ። ወረቀት ሄደ፣ ወረቀት መጣ። የእናትና ልጅ ደም መመሳሰሉን የሚያይ ምርመራ ተደረገ፤ ተመሳሰለ። እሱስ እውነት ነው፤ ማንም አላዋሰንም። ያልተመሳሰልኩት እኔ ነኝ። በወረቀቱ የልጄ እናት ጎረቤቴ ናት፤ ስለዚህ የልጅቱ አያትም ሚኒሶታ ነው ያለችው። እኔ በወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለሁት፤ «ልጅቱን የምታሳድግ ጎረቤት» በሚለው ላይ። የልጅቱም ዜግነት እንደ እናቷ የስደት ወረቀት ሶማሊያ ተብሎ ተሞላ። ጅጅጋ ሆስፒታል የተወለደች ልጅ!

ቅጹ ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ቅጽ የሚሞላ ወጣት እያነበበ ልጅቱን ይጠይቃታል፦ ሽብር ፈጽመሽ ታውቂያለሽ? መንግሥት ለመገልበጥ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሰው ገድለሽ ታውቂያለሽ? እሷ ማስቲካዋን እያኘከች «አይ፣ አይ፣ አይ» ትላለች። እኔ በልቤ፣ አዎ ብሎ የሚጽፍ ሰው አግኝተው ያውቁ ይሆን እላለሁ። ሰውን ሁሉ ይጠረጥሩና መልሰው የጠረጠሩትን ራሱን ጠይቀው ያምኑታል። እንዲህ ያለ የዋህና ጠርጣሪ ሕዝብ አላየሁም።

የአዲስ አበባው የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት አሜሪካኖች ምርጫ አደረጉ። እኔ ያን ጊዜ የስፌት መኪናዬን የማቆመው ጅጅጋ፣ ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ባለቤቱ ድሮ ግመል ይነግዱ የነበሩ ሐጂ ናቸው። ቴሌቪዥን አላቸው። የምርጫው ዕለት በረንዳው ጢም አለ። አንድ መምህር ያስረዳል።

«ሁለት ፓርቲ ነው ያላቸው። የአንዱ ምልክት አህያ፣ የሌላው ዝሆን።»

«ግመል የለም?» አሉ ሐጂው።

«የለም።»

«እንግዲያው እኔን አያገባኝም» አሉና ሻያቸውን አማሰሉ። ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ይኼ የሚወዳደረው ሰውዬ ጎሳው ምንድን ነው?» አለ አንድ የባጃጅ ሾፌር።

«ጎሳ የላቸውም።»

«ጎሳ የሌለውን ሰው ማን ይመርጠዋል?»

«ሀብታም ነው።»

«እሱን አትልም ታዲያ!»

ውጤቱ ሲመጣ ግራ ገባን። አብራው የተወዳደረችው ሴትዮ ብዙ ሰው መርጧት ተሸነፈች፤ ሰውዬው ጥቂት ሰው መርጦት አሸነፈ። መምህሩ ሦስት ጊዜ አስረዳ፤ ሦስተኛው ላይ ራሱም ተጠራጠረ። የባጃጁ ሾፌር «ይኼ እኛ ጋ ቢሆን ደም ይፈስ ነበር» አለ። አንዱ ከኋላ «እኛ ጋ አይሆንማ፤ እኛ ጋ አሸናፊው ከድምፁ በፊት ነው የሚታወቀው» ብሎ መለሰለት። ሁሉም ዞር ዞር ብለው ማን እንዳለ አዩ። ሐጂው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሻዩ ስኳር አንሶታል?» ብለው ጠየቁ፤ አዎ፣ አንሶታል አልን ሁላችንም በአንድ አፍ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ሰውዬው ሲናገር መምህሩ ሲተረጉም «የእነዚህ አገሮች ሰዎች አይገቡም» ብሏል። የትኞቹ አገሮች? ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ የሶማሊያን ስም ሲጠራ መርፌዬ ጣቴን ወጋኝ።

«አይ፣ ለምርጫ የተባለ ነው» አለኝ መምህሩ አይቶኝ። «ፖለቲከኛ የሚለውን ሁሉ ያደርጋል እንዴ?»

እኔም አመንኩት። እኛ አገር ለበጎ የተባለው ሲቀር ስላየሁ፣ ለክፉ የተባለውም የሚቀር መሰለኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ሄድን። ካራማራ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ወታደሮች መታወቂያ ጠየቁ። ልጅቱ የላትም። «ልጅ ናት፣ የልጅ ልጄ ናት፣ ጅጅጋ ነው የተወለደችው» አልኩ። ወታደሩ በአማርኛ አናገራት፤ በአማርኛ መለሰችለት፤ «ሂዱ» አለን። አውቶቡሱ ተራራውን ሲያልፍ ልጅቱ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ፣

«አየዮ፣ እዚህ ኢትዮጵያዊት ነኝ አይደል?» አለችኝ። አየዮ የሶማሌ ልጆች ለአያታቸው የሚሉት ነው።

«አዎ፣ እናቴ።»

«የት ላይ ነው ሶማሊያዊት የምሆነው?»

«አዲስ አበባ ስንደርስ» አልኳት። ምን ልበላት? በዚያ ተራራ ላይ መሬቱ የማን ነው እየተባለ ስንት ሰው እንዳለቀ አውቃለሁ፤ እኛ በአንድ የአውቶቡስ ቲኬት ሁለቱንም ሆነን እናልፋለን።

ጠያቂዋ ወጣት ፈረንጅ ናት፤ ደግ ፊት አላት። ልጅቱን በአስተርጓሚ በሶማልኛ ጠየቀቻት፤ ጥሩ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቀኝ እጅሽን አንሺ፣ እውነት እንደምትናገሪ ማዪ አለችኝ። አነሣሁ። እጄ ላይ የመቀስ ጠባሳ አለ፤ እሱን አየችው።

«ለዚህች ልጅ ምኗ ነዎት?» አለኝ አስተርጓሚው።

ልጅቱ ታየኛለች። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ በኩፍኝ፣ በወባ፣ በፈተና ሰሞን አብሬያት ያደርኩ ልጅ።

«ጎረቤቷ» አልኩ።

ጠያቂዋ ጻፈችው። «ጥሩ ጎረቤት ነዎት» አለችኝ በአስተርጓሚው። በደህና ነገር ነው ያለችው። አሜሪካኖች እንዲህ ናቸው፤ ያመሰግኑሻል። እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ ያመመኝ ምስጋና የለም።

ይጠሩሻል ተባልን። በዚያው ሰሞን ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አይገቡም» ያለውን አደረገ። መምህሩ ለብዙ ቀን ሻይ ቤቱ አልመጣም፤ አፍሮኝ ነው መሰለኝ። ልጄ ደውላ ስታለቅስ ቆየች። ሰልፍ ወጥተዋል አለችኝ፤ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሄደው የማያውቋቸው ፈረንጆች «ይግቡ!» እያሉ ጮኸዋል። እንግዲህ የቱ ነው አሜሪካ? የከለከለው ነው የጮኸው? ልጄ «ሁለቱም» አለችኝ። ወንዱም ሴቱም ወረቀት ጽፈው ይዘው ነበር አለችኝ። የጻፉት ወሬ እኔ ድረስ ደረሰ፤ ልጅቱ ግን ለእናቷ አልደረሰችላትም።

ከከረመ በኋላ ልጄ ጠበቃ ያዘች። ጠበቃው ሁሉንም ሰምቶ ያላትን እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤

«እማዬ፣ ኢትዮጵያ እኮ የተከለከሉት አገሮች ዝርዝር ላይ የለችም።»

«ታዲያ! ኢትዮጵያዊት ናት እንበላ!»

«እንበል። ግን እሷ ኢትዮጵያዊት ናት ካልን እኔም ኢትዮጵያዊት ነኝ ማለት ነው። የገባሁት ውሸት ተናግሬ ነው ማለት ነው። ዜግነቴን ሊወስዱት ይችላሉ። እዚህ የወለድኳቸው ሁለቱ አሉ። እሷም አለች፣ ጎረቤትሽ፣ አርጅታለች፤ እሷንም ይጠይቃሉ።»

ገባኝ። እውነቱ ልጅቱን ያስገባና እናቷን ያስወጣል። ውሸቱ እናቷን ያኖርና ልጅቱን ያስቀራል። የስፌት ሰው ነኝ፤ ጨርቅ ሲያጥር ከአንዱ ወገን ቆርጬ በሌላው እቀጥላለሁ። ይሄ ግን በየትም ብቆርጠው የሚጎድለው አንድ ሰው ነው።

«እኔ መጥቼ ልንገራቸው?» አልኳት። «አሮጊት ነኝ። ያዋስኳት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ አያውቁም ልበላቸው?»

«ለማን ነው የምትነግሪው፣ እማዬ?»

እውነቷን ነው። አንድ አገር ሙሉ ተቆጥቶ ሳለ የትኛው በር ላይ ቆመሽ ነው ጥፋቱ የኔ ነው የምትይው? ቆጠራ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የጎረቤቴን የሞተች ልጅ እስከ ዛሬ በሕይወት ቆጥረው ይዘዋታል። እኔን የሚቆጥሩበት መስመር ግን የላቸውም።

ዘንድሮ ልጅቱ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ጅጅጋ ጤና ትምህርት ቤት የነርስነት ምዝገባ ተከፈተ። ውጤቷ ይበቃል። የቀበሌ መታወቂያ አምጪ አሏት። ጠበቃው ደግሞ የኢትዮጵያ መታወቂያ ካወጣች ፋይሉን እርሱት ብሏል። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፀጉሯን ተሸፋፍና፣ ጫማዋን አስራ፣ በረንዳው ላይ መጣች።

«አየዮ፣ ቀበሌ አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«መጀመሪያ ራስሽን ውደጂ አለችኝ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። «ከዚያ አለቀሰች።»

እኔ አትሂጂ አላልኳትም። ሂጂም አላልኳትም። መኪናዬን በጨርቅ ሸፍኜ ተከተልኳት።

የቀበሌው ጸሐፊ ልጅ እግር ነው። ቅጹን እየሞላ ቀና አለ።

«እማማ፣ ምኗ ነዎት?»

«ጎ…» ብዬ ልጀምር ነበር። አፌ ለምዷል። ልጅቱ ክንዴን ያዘችኝ።

«አያቷ» አልኩ። «የእናቷ እናት።»

«እናትየው የት ነው ያለችው?»

«አሜሪካ።»

እስክሪፕቶውን አስቀመጠ። «እናቷ አሜሪካ ሆና እዚህ መታወቂያ ታወጣለች? ሰው ሁሉ ለመሄድ ነው የሚሟሟተው፣ እህቴ፤ አንቺ ቀልደኛ ነሽ እንዴ?»

«ነርስ ልማር ነው» አለችው።

«እሺ። እማማ፣ አያቷ ለመሆንዎ ማስረጃ አለዎት?»

እንግዲህ ማስረጃ! በቤቴ ያለው ወረቀት ጎረቤቴ ለማስታወሻ የተወችልኝ አሮጌው የራሽን ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ልጄን የሰው ልጅ ያደርጋታል እንጂ የኔ አያደርጋትም። «የለኝም» አልኩት።

«እንግዲያው ሦስት ምስክር ያምጡ።»

ሐጂው መጡ፣ የባጃጁ ሾፌር መጣ፣ መምህሩም መጣ። ተራ በተራ «አያቷ ናት» አሉ። እጅ አንሡ ያላቸው የለም። ሐጂው ግን ሳይጠየቁ አነሡ።

ከሰዓት በኋላ መታወቂያው ወጣ። ልጅቱ ለእናቷ ደውላ ካርዱን ስልኩ መስተዋት ላይ አስጠግታ አሳየቻት። ልጄ ብዙ አየችው። «ፎቶሽ ያምራል» አለቻት። ከዚያ እኔን ጠራች።

«እማዬ፣ ጥሩ አደረግን?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አልኳት።

ትምህርቱ ነጭ ጋዎን ይፈልጋል። ከገበያ ጨርቅ ገዝቼ ልጅቱን በረንዳው ላይ አቆምኳትና መለካት ጀመርኩ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ልጄ ከዚያ ታየናለች።

«ትከሻዋ ስንት ነው?» አለች።

ነገርኳት።

«ክንዷስ?»

ክንዷን ነገርኳት። ወገቧን፣ ከአንገት እስከ ጉልበት ያለውንም። ቀና ብዬ ሳይ በወረቀት እየጻፈች ነው።

«ምን ያደርግልሻል? የምሰፋው እኔ ነኝ እኮ» አልኳት።

«እንዲሁ ነው» አለችኝ። «ቁመቷንም ለኪልኝ፣ እማዬ።»

ቁመቷን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ለካሁና ነገርኳት። ጻፈችው።